ተመትተህ እንዳትመጣ

ልጄ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪውን ተፈትኖ ጨርሷል፤ መስከረም ላይ 9ኛ ይገባል። ደብተር ገና አልገዛንም። ዩኒፎርምም አላሰፋንም። ክረምቱን የከረምነው እኩዮቹ ሲያላግጡበትና ሲያዋርዱት (ቡሊ ሲያደርጉት) ምን እንደሚያደርግ ስንለማመድ ነው፣ እሱን ልጽፍላችሁ ነው። ብዙዎቻችሁ ቤት ዘንድሮ 9ኛ የሚገባ ልጅ አለ። እኔም የዛሬ ሁለት ዓመት ይህን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ልጄ ያን ሁሉ ወር ብቻውን ባልተሸከመው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። 7ኛ ክፍል እያለ ምሳ ዕቃው እንደሞላ መመለስ ጀመረ። "አልራበኝም" ይለኛል። ቤት ሲገባ ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ ወደ ሽንት ቤት ይሮጣል። እሁድ ማታ ሆዱን ያመዋል፣ ሰኞ ጠዋት ይብስበታል፣ ቅዳሜ ምንም የለበትም። ጨጓራ ነው ብዬ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሰገራ ተመረመረ፣ ደም ተመረመረ፣ ምንም አልተገኘም። ሐኪሟ "ትምህርት ቤት እንዴት ነው?" ስትለው "ጥሩ ነው" አላት። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አመንኩት።

ያወቅኩት በትልቋ ልጄ በኩል ነው። ወንድሟ ክፍል ውስጥ የሚማር አንድ የኮንዶሚኒየማችን ልጅ በስልኩ አንድ ነገር አሳያት፣ እሷ ደግሞ ስልኩን ይዛ ኩሽና መጣች። ልጄ ሲደነግጥ ይንተባተባል። ከትንሽነቱ ጀምሮ ነው፤ ቤት ውስጥ ማንም ነገሬ አይለውም። አንድ ቀን እንግሊዝኛ እንዲያነብ ተነስቶ አንድ ቃል ላይ ተያዘ። አንዱ ከኋላ ድምፁን አስመስሎ ደገመው፣ ክፍሉ ሳቀ፣ አስተማሪውም ፈገግ አለ። በዚያው ሳምንት አፉን ከፍቶ ቃሉን ሲያምጥ ፎቶ አንስተው የቴሌግራም ስቲከር ሠሩበት። የክፍላቸው ግሩፕ ውስጥ ለሳቅም፣ ለሰላምታም፣ ለ"ደህና እደሩ"ም የሚላከው የልጄ ፊት ሆነ። ምሳ ሰዓት እየጠበቁ ሙድ ስለሚይዙበት አይበላም። ሽንት ቤቱ በር ላይ ስለሚቆሙ ሽንቱን ቋጥሮ ይውላል። አምስት ወር።

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት። እያለቀስኩ ነበር።

"አንቺ ተመትተህ እንዳትመጣ ብለሽኝ የለ" አለኝ።

ብዬዋለሁ። 1ኛ ክፍል የገባ ዕለት በር ላይ ሸሚዙን እያስተካከልኩ ነው ያልኩት። አባቴም ለወንድሞቼ ይላት ነበር፤ የእሱ ደግሞ ትረዝማለች፣ "ተመትተህ ብትመጣ እኔም እደግምሃለሁ።" ይህችን ሳይሰማ ያደገ የኢትዮጵያ ልጅ ያለ አይመስለኝም። የምንናገራት ለክፋት አይደለም። ልጃችን አንገቱን እንዳይደፋ ብለን ነው። የ6 ዓመት ልጅ ጆሮ ላይ ስትደርስ ግን ሌላ ትሆናለች፤ ከተሸነፍክ ወደዚህ ቤት ይዘኸው እንዳትመጣ ማለት ትሆናለች። ልጄ አደራዬን ጠበቀ። አላመጣውም።

ስለዚህ ይህን ክረምት መጀመሪያ ያደረግኩት ያንን ቃል መመለስ ነው። አንድ ማታ ጎኑ ተቀምጬ በግልጽ ነገርኩት። ያ ያልኩህ ስህተት ነበር፣ ተመትተህም ተሰድበህም አልቅሰህም ወደ ቤት ና፣ እኔ ጋ የሚጠብቅህ ቁጣ አይደለም አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ምንም አልመለሰም። ከሳምንት በኋላ ግን ስለ 7ኛ ክፍል የማላውቀውን አንድ ነገር ራሱ አነሳልኝ፤ የታክሲ ገንዘቡን ስንት ቀን እንደወሰዱበትና ስንት ቀን በእግሩ እንደመጣ። እኔ በዚያ ሰሞን ስላረፈደ ተቆጥቼው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ፣ ምክንያቱም ትምህርት ቤት ስሄድ የተነገረኝ "የልጆች ጨዋታ ነው" የሚል ነበር። ልጆች ይጣላሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ በማግስቱ አብረው ኳስ ይጫወታሉ። ያ ጠብ ነው፣ ያልፋል። ስዊድን ተወልዶ ኖርዌይ ውስጥ የሠራ ዳን ኦልቬስ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበር፤ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዕድሜውን ሙሉ ያጠናው ይህንኑ ነው። እሱ ቡሊ ማድረግን ከጠብ የለየው በሦስት ነገር ነው። ሆን ተብሎ ይደረጋል፣ ይደጋገማል፣ ተጎጂው ደግሞ ራሱን ለመከላከል አቅም የለውም፤ በቁመት፣ በዕድሜ ወይም በቁጥር ይበለጣል። እኔ ሦስተኛዋ ላይ ነው የነቃሁት። ሰባት ልጅ በአንድ ልጅ ላይ ሲስቅ ጨዋታው የማን ነው? በዚያችው ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ ሦስት ወንዶች ልጆች ሕይወታቸውን አጠፉ። እኩዮቻቸው ያደረሱባቸው በደል ሳይሆን አይቀርም ተብሎ አገሪቱ ደነገጠች፤ በቀጣዩ ዓመት የትምህርት ሚኒስቴሩ አገር አቀፍ ዘመቻ ጀመረ። የልጆች ጨዋታ ነው ሲባል እነሱ ትዝ ይሉኛል።

የእኛ አገር ብቻ ችግርም አይደለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ገደማ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ በእኩዮቹ እንዲህ ተደርጎበታል። ልጃችሁ 60 ተማሪ ያለበት ክፍል ከገባ ራሳችሁ አስሉት።

ትምህርት ቤቱ የወሰደው መፍትሔ ማስታረቅ ነበር። ዩኒት ሊደሩ ልጄንና ስቲከሩን የሠራውን ልጅ ቢሮ ጠርቶ "በሉ ይቅር ተባባሉ፣ ተጨባበጡ" አላቸው። ተጨባበጡ። ከቢሮ ሲወጡ ልጁ ጆሮው ላይ ተጠግቶ "ሰባቂ" አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ስም ኖረው።

እርቅ እወዳለሁ። በሽምግልና ያደግን ሰዎች ነን፤ ስንት ትዳር፣ ስንት ደም በሽማግሌ ተርፏል። ግን ሽማግሌ እንኳ መጀመሪያ በዳይ ማን ነው፣ ካሳውስ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል እኮ። በዳይና ተበዳይን እኩል አቁሞ "ሁለታችሁም ተዉ" ማለት ሽምግልና አይደለም፣ ጉዳዩን ከጠረጴዛ ላይ ማንሳት ነው። በደሉ ሳይቆም የሚደረግ መጨባበጥ ለተጎዳው ልጅ ሌላ ውርደት ነው። አስተማሪ የሆናችሁ ካላችሁ ይህችን አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱልኝ ደስ ይለኛል። ለየብቻ አናግሯቸው። ስቲከሩ መጥፋቱን፣ ሽንት ቤቱ በር ላይ የሚቆም አለመኖሩን አረጋግጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ተጎጂውን ሰው በሌለበት ጠይቁት። ይቅርታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አሁን ስለ 9ኛ።

9ኛ ክፍልን እንደ አንድ ክፍል ጭማሪ ነው የምናየው። ለልጁ ግን ሌላ አገር መግባት ነው። 8ኛ ላይ ትልቅ ነበር፤ 7ኛዎቹ ይፈሩታል፣ ጥበቃው በስሙ ይጠራዋል። አሁን ሁለተኛ ደረጃ ከ9 እስከ 12 ስለሆነ ጢም ካወጣ የ12ኛ ተማሪ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው የሚውለው። እኛ በተማርንበት ጊዜ 11ኛና 12ኛ መሰናዶ እየተባለ ለብቻው የነበረባቸው ቦታዎች ብዙ ነበሩ። ከየትምህርት ቤቱ የተሰበሰቡ ልጆች ናቸው፣ ማን ማን እንደሆነ ገና አልተለየም፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጆች አንዱ ሌላውን የሚሞክርባቸው ናቸው። ማን ፋራ ነው፣ ማን ይፈራል፣ ማን ሲሰደብ ዝም ይላል። ዩኒፎርሙ አንድ ዓይነት ስለሆነ ዓይን የሚያርፈው ጫማ ላይ፣ ስልክ ላይ፣ አነጋገር ላይ ነው። ከክፍለ ሀገር የመጣ ልጅ በአነጋገሩ ብቻ ስም ይወጣለታል። ትምህርቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ አንዲት ቃል አበላሽቶ ያነበበ ልጅ ዓመቱን ሙሉ በዚያች ቃል ሲጠራ ሊከርም ይችላል።

ትልቋ ልጄ ዘንድሮ 11ኛ ትገባለች፣ ይህን ሁሉ የነገረችኝ እሷ ናት። "እማ፣ የመጀመሪያው ቀን እኮ እያንዳንዱ ቲቸር ሲገባ ራሳችሁን አስተዋውቁ ይላል" አለችኝ። ሰባት ስምንት ቲቸር፣ ሰባት ስምንት ጊዜ። ለሚንተባተብ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አላሰብኩትም ነበር። እሱ ግን ከሰኔ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ሲያስበው ከርሟል።

እሁድ እሁድ ቡና ሲፈላ ልምምድ ጀመርን። እህቱ ቲቸር ትሆናለች፣ እሱ ተነስቶ ስሙንና የመጣበትን ትምህርት ቤት ይናገራል። ከዚያ እህቱ ወደ ኋላ ወንበር ትሄድና ሙድ ያዥ ትሆናለች። መጀመሪያ ቀን ተናዶ ክፍሉ ገብቶ ዘጋብን። ልክ ነበር፣ እኛ ነን የቸኮልነው። በሁለተኛው ሳምንት ሚናውን ቀየርነው፤ እሱ ሙድ ያዥ፣ እህቱ ተጎጂ። ያኔ ሳቀ። ከኋላ ወንበር ሆኖ ሲያየው ሰዳቢው የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ መሆኑን ራሱ አገኘው፣ "ፊቷ ሲቀያየር ማየት ነው የፈለግኩት" አለ። ከእኔ አንድ ሰዓት ምክር ያቺ አንዲት አረፍተ ነገር በለጠች።

ከዚያ በኋላ አጫጭር መልሶች መረጥን። ስድብ የሌለባቸው፣ ነገር የማያቀጣጥሉ። "አዎ እንተባተባለሁ፣ እሺ?" ብሎ ወደ ሥራው መመለስ። "ይሄ አልተመቸኝም፣ ተው" ብሎ ዓይን ዓይን አይቶ መሄድ። መሄድ ሲባል ወደ ባዶ ኮሪደር አይደለም፣ ሰው ወዳለበት። መልሱን ሲናገር ሊንተባተብ ይችላል፤ ይንተባተብ። መንተባተብ የፍርሃትም የአእምሮ ድክመትም ምልክት አይደለም፤ ቃሉን ቀምተን አንጨርስለትም፣ እስኪጨርስ እንጠብቀዋለን። ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ሰው ያለው ልጅ ውጭም ሰው እንዲጠብቀው መጠየቅ ይችላል ብዬ አምናለሁ።

አባቱ ቴኳንዶ ይመዝገብ አለ። ትንሽ ተከራከርን። በመጨረሻ ልጁን ጠየቅነው፣ እሺ አለ፣ ጀመረ። ደስ ብሎኛል፤ ሰውነቱ ቀና ብሏል፣ ሁለት አዳዲስ ጓደኞችም አግኝቷል። ግን ለአባቱም ለእሱም እንዲህ ብያለሁ፣ ከያዙህ ራስህን አስለቅቀህ ሩጥ፣ አንድን ልጅ መትተህ ጥለህ መምጣትህን ግን አልፈልግም። ቴሌግራም ላይ ያለን ስቲከር ቴኳንዶ አያስቆመውም። ደግሞ መምታት መልስ የሚሆነው መምታት ለሚችል ልጅ ብቻ ነው። ለማይችለው ምን ልንለው ነው?

ስለ ስልክ አንድ ልበል። ልጆች ነውራቸው እንዳይታይ ሲሉ መጀመሪያ የሚያደርጉት ማጥፋት ነው፣ ከግሩፕ መውጣት፣ መልእክቱን መሰረዝ። አትሰርዝ በሉት። ስክሪንሹት ያንሳ፣ ቀኑ ይታይ። እኔ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ደብተር ይዤ ነበር፤ ቀን፣ ቦታ፣ ማን ምን አለ፣ ማን ነበር። የመጀመሪያ ቀን ባዶ እጄን እያለቀስኩ ስሄድ "ወይዘሮ ተረጋጊ" ያሉኝ ሰዎች ያን ቀን ወንበር ሳቡልኝ። ስልኩን ግን አትቀሙት። የሚነግራችሁ ልጅ ቅጣቱ ስልኩን ማጣት ከሆነ ሁለተኛ አይነግራችሁም።

ለማን እንደሚናገርም አስቀድመን ተነጋግረናል። ለምዝገባ ስንሄድ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ የት እንደሆነ፣ ሽንት ቤቱ ከየትኛው ወገን ለሰው ዓይን ክፍት እንደሆነ፣ ላይብረሪው ምሳ ሰዓት ይከፈት እንደሆነ እናያለን። ሆም ሩም ቲቸሩ ሲመደብ እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ሄጄ አስተዋውቀዋለሁ፣ ችግር ሳይመጣ በፊት። እኛ ወላጆች ትምህርት ቤት የምንረግጠው "ወላጅ አምጣ" ሲባል ብቻ ሆኗል፤ ያኔ ደግሞ ሁላችንም ተቆጥተን ነው የምንገናኘው። የወላጅ መምህር ተማሪ ኅብረት ስብሰባ ላይም ስለ መዋጮ ብቻ አውርተን አንውጣ። ሽንት ቤት በር ላይ ምሳ ሰዓት ማን ይቆማል ብሎ መጠየቅ ምንም ብር አያስወጣም።

አስተማሪው ፈገግ ማለቱን ከላይ ጽፌያለሁ፣ አልፌው መሄድ አልችልም። ክፍሉ የሳቀው ልጁ ስላስመሰለ ብቻ አይደለም፣ ቲቸሩ ሲፈቅድ ስላዩ ነው። ተማሪን በቅጽል ስም የሚጠራ፣ ፊት ለፊት የሚያንበረክክ፣ "አንተ ደደብ" የሚል አስተማሪ ባለበት ክፍል ልጆቹ የሚማሩት እሱን ነው። ሕገ መንግሥታችን በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ጽፏል። ልጄ 18 ዓመት እስኪሞላው ሕፃን የሚለው ቃል እሱንም ይመለከታል፣ ጢም ቢያወጣም።

አሁን የሚከብደው። ስቲከሩን የሠራው ልጅም እናት አለችው። አገኘኋት። ተናድጄ ነው የሄድኩት፣ የምላትን ሁሉ ታክሲ ውስጥ ስደረድር ነበር። ስቲከሩን ስታይ ስልኩን ይዛ ዝም አለች፣ ከዚያ "እሱንም እኮ ከ4ኛ እስከ 6ኛ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት" አለችኝ። ጥፋቱን አላነሳችለትም፣ ልጇን ፊቴ አምጥታ ከስልኩ አስጠፋችው። ቤቴ ስመለስ የራሴን ልጆች ጠየቅኳቸው፣ እናንተስ? ትልቋ ቆይታ ቆይታ አንዲት ልጅ በጫማዋ ሲስቁባት አብራ እንደሳቀች ነገረችኝ። እየሰደበች አልነበረም። ሳቀች ብቻ።

ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ልጆችን በካሜራ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ነገር አለ። አንድ ሌላ ልጅ ገብቶ "ተው" ባለ ጊዜ ከግማሽ በላይ በሚሆነው ነገሩ በ10 ሴኮንድ ውስጥ ቆሟል። 10 ሴኮንድ! ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው ትልቋ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ለዚህ ነው 9ኛ ለሚገባ ልጅ ራሱን መከላከል ብቻ ሳይሆን ለሌላው ምን እንደሚልም ማስለመድ ያለብን። ጀግና መሆን አይጠበቅበትም። "ና እንሂድ" ብሎ የሚሰደበውን ልጅ ክንድ ይዞ መራቅ ይበቃል። ስቲከሩን አለመላክ ይበቃል። እኛ ጋ እኮ ምሳሌው ራሱ "ዝም አይነቅዝም" ነው። ልጄ አምስት ወር ዝም ሲል ግን ውስጡ ሲነቅዝ አይቻለሁ።

ከትምህርት ቤት ሲመለስ "ትምህርት እንዴት ነበር?" ማለት ትቻለሁ። መልሱ ሁልጊዜ "ጥሩ" ነው። አሁን "ዛሬ ምሳ ከማን ጋር በላህ?" እለዋለሁ። "ከማን ጋር መጣህ?" እለዋለሁ። ሲነግረኝ ደግሞ ከአፌ የሚወጣውን የመጀመሪያ ቃል እውጠዋለሁ፤ "ለምን አልመታኸውም"ንም፣ "አንተስ ምን አድርገህው ነው"ንም። ቀላል አይደለም። እጄ ሥራ ይዞ ከሆነ ይሻለኛል፣ ሽንኩርት ስከትፍ ነው ብዙውን የሚነግረኝ፣ ዓይን ለዓይን ስለማንተያይ ይመስለኛል።

ባለፈው ሐሙስ እንደዚሁ ሽንኩርት ላይ ነበርኩ። መጣና ፍሪጁን ተደግፎ ቆመ። ቴኳንዶ የሚሄድበት ቦታ አንድ ትልቅ ልጅ አነጋገሩን አስመሰለበት። እጄ ቆመ። የት ነው፣ ማን ነው፣ ጫማዬን አምጡልኝ ልል ነበር። "ልስማህ ነው ወይስ እንድገባበት ትፈልጋለህ?" አልኩት።

"ስሚኝ ብቻ" አለ። "አዎ እንተባተባለሁ፣ እሺ? አልኩት።"

"ከዚያስ?"

"እሺ ላይ ተያዝኩ" አለና ሳቀ። "ግን ጨረስኩት። ልጁም ዝም ብሎ ጠበቀኝ።"

ሰኞ ምዝገባ ነው። ኮንዶሚኒየማችን ካለው፣ ያን ጊዜ ስቲከሩን ለእህቱ ካሳያት ልጅ ጋር እዚያው ትምህርት ቤት ደርሷቸዋል። ቢሮውንም ሽንት ቤቱንም ላይብረሪውንም ሁለቱ ሊያዩት ተስማምተዋል። እኔ እስከ ታክሲው ድረስ ነው የምሸኛቸው።